ከራውተሩ ይልቅ የተሰረዘው ክፍለ ጊዜ

የጠያቂዋ ደብዳቤ በአጭሩ እንዲህ ይላል። የ12 ዓመት ሴት ልጅ አለቻቸው። ትምህርት ቤቱ በየመማሪያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የገመድ አልባ ኢንተርኔት ማሰራጫ፣ ማለትም ራውተር፣ ሰቅሏል። በዚያው ዓመት በሳምንት 3 የነበረው የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ለፈተና ዝግጅት ሲባል ወደ 1 ክፍለ ጊዜ ወርዷል። ወላጆች ራውተሮቹ እንዲነሡ ፊርማ እያሰባሰቡ ነው። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ራሷን ያማታል። ስትሮጥም ትንፋሽ ያጥራታል፤ በዚህ ምክንያት እናትየዋ ከቀረችው አንዲት ክፍለ ጊዜም ፈቃድ ሊያስወጡላት አስበዋል። «ጨረራው ልጄን እየጎዳት ነው ወይ? ልፈርም ወይስ አልፈርም?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

የተከበሩ ጠያቂ፣ ድምዳሜዬን አስቀድሜ ልንገርዎትና ምክንያቱን ከሥሩ ላስረዳ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ራውተር ልጅዎን እየጎዳት ነው ብሎ ለመናገር የሚያበቃ ማስረጃ የለም። የሁለቱ ክፍለ ጊዜዎች መሰረዝ ግን ጉዳት ነው፤ በአጥንት፣ በልብ፣ በዓይንና በእንቅልፍ ላይ ሲለካ የኖረ ጉዳት። በደብዳቤዎ ውስጥ ይህ ጉዳይ በአንዲት ዓረፍተ ነገር መታለፉ ነው ይህን ያህል ረጅም መልስ እንድጽፍ ያደረገኝ።

«ጨረራ» የሚለው ቃል ራሱ ያስፈራል፤ ፍርሃቱም ያለ ምክንያት አልመጣም። ኤክስሬይም፣ የፀሐይ ብርሃንም፣ የሬዲዮ ሞገድም በዚህ አንድ ስም ይጠራሉ። የሚለያዩት እያንዳንዷ የጨረራ ቅንጣት በምትሸከመው ጉልበት ነው። ኤክስሬይ ከአቶም ላይ ኤሌክትሮን ነቅሎ ማውጣት ስለሚችል ዲኤንኤን ይሰብራል። ለዚህ ሥራ 10 ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣቶች ጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ ጉልበት ያስፈልጋል። ዋይፋይ የሚጠቀምበት የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ በአንዲት ቅንጣቱ የሚሸከመው የዚህን አንድ ሚሊዮንኛ ያህል ብቻ ነው። «ትንሽም ቢሆን ሲጠራቀም ይጎዳል» የሚል ክርክር ብዙ ጊዜ እሰማለሁ፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ግን ውሃ አያነሳም። ቅንጣቶቹ ጉልበታቸውን አስተባብረው ኤሌክትሮን አይነቅሉም። አንድ ሕፃን ሊያነቃንቀው የማይችለውን ቋጥኝ ሺህ ሕፃናት በየተራ ቢገፉትም ከቦታው አይንቀሳቀስም።

የሬዲዮ ሞገድ በሰውነት ላይ የሚያደርሰው በማያሻማ ሁኔታ የተረጋገጠው ነገር ማሞቅ ነው። ደንቦቹም የተሠሩት በዚሁ ላይ ተመሥርተው ነው። አዮን ፈጣሪ ካልሆኑ፣ ማለትም ኤሌክትሮን መንቀል ከማይችሉ፣ ጨረራዎች ለመከላከል የተቋቋመው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን በ1998 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ያወጣውንና በ2020 ያሻሻለውን መመሪያ እንመልከት። ለእያንዳንዱ የሰውነት ኪሎ ግራም 4 ዋት ያህል ሲመጠጥ የሰውነት ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ከፍ ይላል። ኮሚሽኑ ይህን ቁጥር ለ50 አካፍሎ ለጠቅላላው ሕዝብ 0.08 ዋት በኪሎ ግራም የሚል ገደብ አስቀመጠ። 40 ኪሎ ለምትመዝን ልጅ ይህ 3.2 ዋት ይሆናል። አንድ የተለመደ ራውተር ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚያሰራጨው ደግሞ በ0.1 ዋት አካባቢ ነው። ከእርሱ የሚወጣው ኃይል ቅንጣት ታህል ሳይባክን ልጅዎ ውስጥ ቢገባ እንኳን ከገደቡ አንድ ሠላሳኛ ያህል ነው የሚሆነው። ይህች ልጅ በሜዳ ላይ ስትሮጥ የገዛ ጡንቻዎቿ የሚያመነጩት ሙቀት ከ200 ዋት ይበልጣል፤ ሰውነቷም ያን ሙቀት በላብና በቆዳ እያስወጣ ሚዛኑን ይጠብቃል።

በእውነቱ ደግሞ ከራውተሩ የሚወጣው ሁሉ ወደ እርሷ አይደርስም። ሞገዱ እየራቀ በሄደ ቁጥር እየተበተነ ይሳሳል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጥንካሬው ወደ ሩብ ይወርዳል። ራውተሩ ያለማቋረጥ ቢያስተላልፍ እንኳን 2 ሜትር ላይ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር የሚያርፈው 0.002 ዋት ገደማ ነው። በዚህ ልኬት የኮሚሽኑ ገደብ በካሬ ሜትር 10 ዋት ስለሆነ ልዩነቱ 5,000 እጥፍ ነው። ራውተር ደግሞ ያለማቋረጥ አያስተላልፍም፤ መረጃ ሲጠየቅ በአጫጭር ብልጭታዎች ይልካል፤ አብዛኛውን ሰዓት ዝም ብሎ ነው የሚውለው። መለኪያ ይዤ ወደ መማሪያ ክፍሎች በገባሁባቸው ጊዜያት ንባቡ ከፍ ሲል ያየሁት አንድ ሰው አጠገቤ ቆሞ በሞባይል ሲያወራ ነው።

«የዓለም ጤና ድርጅት ካንሰር ያመጣል ብሏል» የሚለውን የፊርማ ወረቀቱ ላይ እንዳነበቡ ጽፈዋል። በትክክል የተባለው ይህ ነው፤ በድርጅቱ ሥር ያለው ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በግንቦት 2011 የሬዲዮ ሞገድን «ምናልባት ካንሰር አምጪ ሊሆን ይችላል» በሚል ምድብ አስገብቶታል። ምድቡ 2ቢ ይባላል። ይህ ምድብ የማስረጃውን ጥንካሬ እንጂ የአደጋውን ትልቅነት አይለካም። የእሬት ሙሉ ቅጠል ጭማቂም በዚያው ምድብ ይገኛል። ለውሳኔው መነሻ ከሆኑት አንዱ በ13 አገሮች የተካሄደውና በ2010 የታተመው ኢንተርፎን የተባለው ጥናት ነው። በአጠቃላይ ሲታይ የአንጎል ዕጢ ጭማሪ አላገኘም፤ ነገር ግን እጅግ ብዙ እናወራለን ባሉት አሥር በመቶ ተጠቃሚዎች ላይ 40 በመቶ ያህል ከፍ ያለ ቁጥር ታይቷል። የጥናቱ ባለቤቶች ራሳቸው ይህን በጥንቃቄ ነው ያቀረቡት፤ ዕጢ ያለበት ሰው ከዓመታት በፊት ስንት ሰዓት እንዳወራ ሲጠየቅ ትዝታው ያጋንናልና። ከመላሾቹ አንዳንዶቹ በቀን ከ12 ሰዓት በላይ እናወራ ነበር ብለዋል።

በ2018 ይፋ የሆነው የአሜሪካ መንግሥት የአይጦች ሙከራም ብዙ ተወርቶለታል። አይጦቹ በቀን 9 ሰዓት፣ ለ2 ዓመት፣ መላ ሰውነታቸው በከፍተኛ መጠን ለሞገዱ ተጋለጠ። በወንዶቹ አይጦች ላይ የልብ ነርቭ ዕጢ ታየ። ይህን አቃልዬ አላልፈውም፤ ከባድ ሥራ ነው። ሆኖም ሴቶቹ አይጦች ላይ ተመሳሳይ ግልጽ ውጤት አልታየም፤ የተጋለጡት ወንዶች ደግሞ ካልተጋለጡት ይልቅ ረጅም ዕድሜ ኖረዋል። የተሰጣቸው መጠንም ከመማሪያ ክፍል ራውተር ጋር ፈጽሞ አይወዳደርም።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ሰፋፊ ጥናቶች ልብ ያሳርፋሉ። በተለይ ለእርስዎ የሚመለከተው ሞቢ ኪድስ የተባለው ነው፤ በ14 አገሮች ከ10 እስከ 24 ዓመት ባሉ ልጆችና ወጣቶች ላይ ተካሂዶ ሞባይልን ከአንጎል ዕጢ ጋር የሚያያይዝ ምክንያታዊ ግንኙነት አላገኘም። በብሪታንያ ከ770,000 በላይ ሴቶችን የተከታተለውና በ2022 የታተመው ጥናትም ጭማሪ አላየም። በ2024 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ያስጠናው የ63 ጥናቶች ግምገማ በሞባይልና በአንጎል ካንሰር መካከል ግንኙነት አለመታየቱን ደምድሟል። እነዚህ ሁሉ የሚናገሩት ጭንቅላት ላይ ተለጥፎ ስለሚያስተላልፍ ስልክ ነው። ግድግዳ ላይ ያለው ራውተር ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው።

«ፈረንሳይ ዋይፋይን ከትምህርት ቤት አግዳለች» የሚለውም ተጋኗል። በ2015 የወጣው ሕግ ያገደው ከ3 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በሚውሉባቸው ክፍሎች ነው። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለትምህርት ካልተፈለገ እንዲጠፋ አዝዟል። ይህ የጥንቃቄ ሕግ ነው፤ የትምህርት ቤትዎ አስተዳደርም ራውተሩ ማታና ቅዳሜና እሑድ እንዲጠፋ ቢያደርግ ምንም አይጎዳም፤ ኤሌክትሪክም ይቆጥባል።

አሁን ወደ ራስ ምታቱ። ልጅዎ እያስመሰለች አይደለም፤ ሕመሙ እውነተኛ ነው። ሞገድ ያመናል የሚሉ ሰዎች ላይ፣ መርማሪውም ተመርማሪውም ማሰራጫው መብራቱን ሳያውቁ ብዙ ሙከራዎች ተደርገዋል። ሰዎቹ ማሰራጫው ሲበራና ሲጠፋ መለየት አልቻሉም። በርቷል ብለው ሲያስቡ ግን፣ ጠፍቶ እያለም፣ ራሳቸውን ያማቸዋል። በ2013 በታተመ አንድ ሙከራ ተሳታፊዎች ስለ ዋይፋይ አደጋ የሚናገር ፊልም ካዩ በኋላ ምንም ሞገድ በሌለበት ብዙዎቹ የሕመም ስሜት ተሰማቸው። ፍርሃት ራሱ ሰውነትን ያማል፤ ሐኪሞች ኖሲቦ ይሉታል። እናት ስትጨነቅ ልጅ ፊቷን ታነባለች። ስለዚህ እባክዎ ይህን ንግግር በልጅዎ ፊት ለጊዜው ያቁሙት። የራስ ምታቱን እውነተኛ ምክንያት ግን መፈለግ አለብን፤ ከታች እመለስበታለሁ።

ስልኩን በተመለከተ ከራውተሩ ይልቅ ትንሽ ልምከርዎት። ረጅም ጥሪ ከሆነ የጆሮ ማዳመጫ ትጠቀም፤ ኔትወርክ በደከመበት ቦታ ስልኩ ኃይሉን ስለሚጨምር እዚያ ማውራት ይቀንስ። እነዚህ ቀላል ጥንቃቄዎች ናቸው። የበለጠ የሚያሳስበኝ ስልኩ የሚነጥቃት ሰዓት ነው። ከመኝታ ክፍሏ ይውጣ። አልጋ ውስጥ ሆና የምታየው እያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ከእንቅልፏ ይቀነሳል፤ በዚህ ዕድሜ ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋታል።

የተሰረዙት ሁለት ክፍለ ጊዜዎች ላይ ደርሰናል። እዚህ ጋር ድምፄ ከፍ ቢል ይቅር ይበሉኝ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 መመሪያው ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ ልብን የሚያፈጥን እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ፣ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ደግሞ ጡንቻና አጥንትን የሚያጠነክር እንዲጨመርበት ይመክራል። በ146 አገሮች 1.6 ሚሊዮን ተማሪዎች መረጃ ላይ የተሠራ ጥናት በ2016 ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉ ልጆች 81 በመቶዎቹ እዚህ እንደማይደርሱ አሳይቷል፤ ከሴቶች ልጆች 85 በመቶ። የእርስዎ ልጅ ሴት ናት፤ 12 ዓመቷ ነው፤ ብዙ ሴቶች ልጆች ሜዳውን ትተው የሚወጡበት ዕድሜ ላይ ናት።

ለምን ይህ ዕድሜ? አጥንት ስለሚሠራበት ነው። በጉርምስና ወቅት አጥንት በፍጥነት በሚያድግባቸው ሁለት ዓመታት ውስጥ ብቻ አንድ ሰው በአዋቂነቱ ከሚኖረው የአጥንት ማዕድን ሩቡ ያህል ይከማቻል። ለሴቶች ይህ እድገት 12 ዓመት ተኩል አካባቢ ጣራው ላይ ይደርሳል። አጥንት ደግሞ የሚጠነክረው ሲመታ ነው፤ በዝላይ፣ በሩጫ፣ በድንገተኛ መታጠፍ። የዚያን ጊዜ ያልተከማቸውን በ40 ዓመት ዕድሜ በኪኒን መተካት አይቻልም። በስዊድን ማልሞ ከተማ በ1999 በተጀመረ ጥናት የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች በሳምንት ከ60 ደቂቃ ወደ 200 ደቂቃ የሰውነት ማጎልመሻ ተዛወሩ፤ ለዓመታት ሲለኩ አጥንታቸው ከሌሎቹ በልጦ ተገኘ።

ለፈተናው ሲባል ነው የተሰረዘው ብለዋል። ይህ ምክንያት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ተፈትኗል። በካናዳ ኩቤክ፣ ትሯ ሪቪዬር አካባቢ፣ ከ1970 ጀምሮ በ546 የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ በተካሄደ ሙከራ ግማሾቹ በየቀኑ አንድ ሰዓት ስፖርት ተጨመረላቸው፤ ለዚህም የሌላው ትምህርት ጊዜ በ13 በመቶ ገደማ ተቀነሰ። ከሁለተኛ ክፍል ወዲያ ውጤታቸው ከሌሎቹ የተሻለ ነበር። በዚያ በማልሞው ጥናትም ከዘጠነኛ ክፍል በኋላ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ለማለፍ የበቁት ወንዶች ልጆች ቁጥር ከፍ ብሏል። ከሜዳ የተቀማ ሰዓት ወደ ፈተና ውጤት ይለወጣል የሚል ማስረጃ እስከ ዛሬ አላየሁም።

ዓይንም አለ። በቻይና ጓንግዡ ከተማ በ12 ትምህርት ቤቶች በተደረገ ሙከራ ለአንደኛ ክፍል ሕፃናት በየቀኑ 40 ደቂቃ የውጭ ክፍለ ጊዜ ተጨመረ። ከ3 ዓመት በኋላ የሩቁን ማየት የሚያቅታቸው 30.4 በመቶ ሲሆኑ ካልተጨመረላቸው ውስጥ 39.5 በመቶ ነበሩ። በቤት ውስጥ ያለው ብርሃን ብዙውን ጊዜ ከ500 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) አይበልጥም፤ ውጭ ከ10,000 በላይ ይሆናል፤ የዓይን ኳስ ከመጠን በላይ እንዳይረዝም የሚያደርገው ያ ደማቅ ብርሃን ነው ተብሎ ይታመናል። ልጆቹ የተለየ ስፖርት አልሠሩም፤ ከጣሪያ ስር መውጣታቸው ብቻ ጠቀማቸው። ጨረራ ካነሳን አይቀር ካንሰር ማምጣቱ የተረጋገጠው ይህ የፀሐይ ጨረራ ነው፤ ከ1992 ጀምሮ በዚያው የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በአንደኛው ምድብ ተመዝግቧል። ስለዚህ ክፍለ ጊዜው ቀትር ላይ ባይሆን፣ ባርኔጣና ጥላ ቢኖር ብለው ሐሳብ ያቅርቡ።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር፤ ማንኛውም የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ጥሩ ነው አልልም። ጥናቶች ሲጠቃለሉ ልጆች በእርግጥ ልባቸው እስኪፈጥን የሚንቀሳቀሱት ከክፍለ ጊዜው ከ40 እስከ 45 በመቶውን ብቻ ነው። ቀሪው ተራ በመጠበቅ፣ ልብስ በመቀየር፣ በሰልፍ ይባክናል። በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ይህ 17 ደቂቃ ገደማ ነው። አንዲት ኳስ ለ50 ልጆች ተሰጥታ አራቱ ሲጫወቱ ሌሎቹ ጥግ ይዘው ሲያወሩ ያየሁባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ከሁሉ የሚያስቆጨኝ ሩጫና ፑሽአፕ ቅጣት ሆነው ሲታዘዙ ነው። አርፍዶ የመጣ ልጅ «ሜዳውን ሦስት ጊዜ ዙር» ሲባል ለዕድሜ ልኩ ሩጫን ከውርደት ጋር አያይዞ ይቀራል። ቡድን ሲመረጥ እስከ መጨረሻ ሳትጠራ የምትቆም ልጅም እንዲሁ። በዚህ ዕድሜ የጡት መያዣና ምቹ ልብስ አለመኖር፣ በወር አበባ ቀን መጸዳጃ ቤት ውሃ ማጣት፣ ሴቶችን ከሜዳ ያስወጣል፤ መምህሩ ስንፍና ነው ብሎ ይመዘግበዋል።

ስለዚህ ፊርማውን በተመለከተ፦ ለራውተሩ አይፈርሙ። በምትኩ ወደ ወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረቱ ስብሰባ ይሂዱና ሦስቱ ክፍለ ጊዜዎች እንዲመለሱ ይጠይቁ። ፈራሚዎቹን እንደ ባላንጣ አይዩዋቸው፤ ለልጆቻቸው የፈሩ ወላጆች ናቸው፤ ያ ጉልበት ወደ ሜዳው ቢዞር ትልቅ ኃይል ነው። በክፍል ስንት ኳስ እንዳለ፣ ተራ ጠባቂው ስንት እንደሆነ፣ ቅጣት በሩጫ ይሰጥ እንደሆነ ይጠይቁ። ጥያቄው በቁጥር ሲቀርብ አስተዳደር ለማድበስበስ ይቸገራል።

አሁን የልጅዎ ትንፋሽና ራስ ምታት። ሁለቱን ለየብቻ አድርገው ጽፈዋቸዋል፤ እኔ ግን አንድ ላይ ነው ያነበብኳቸው። የወር አበባ በምትጀምርበት ዕድሜ ያለች፣ ስትሮጥ የሚደክማት፣ ከሰዓት በኋላ ራሷን የሚያማት ልጅ ስትቀርብልኝ መጀመሪያ የማስበው የደም ማነስ ነው። ቀላል የደም ምርመራ ይበቃል፤ በዚህ ዕድሜ ሄሞግሎቢን ከ12 ግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ የደም ማነስ ይባላል፤ በብረት እጥረት የመጣ ከሆነም በሕክምና ይስተካከላል። በዚያው ቀን ዓይኗን ያስመርምሩ፤ ሰሌዳውን ለማየት ዓይኗን ጠበብ የምታደርግ ከሆነ መነጽር ሊያስፈልጋት ይችላል። ቁርስ ሳትበላ ትሄድ እንደሆነ፣ በትምህርት ቤት ውሃ ትጠጣ እንደሆነም ይጠይቋት።

ትንፋሹ ስትሮጥ ከማጠሩ ይልቅ ሩጫውን ካቆመች ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በኋላ የሚብስ፣ ሳልና ሲር ሲር የሚል ድምፅ ያለው ከሆነ በእንቅስቃሴ የሚቀሰቀስ አስም ሊሆን ይችላል። ይህም ከሜዳ የሚያስወጣ በሽታ አይደለም። ሐኪም ካዘዘላት ከሩጫው ሩብ ሰዓት አስቀድማ በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት ትወስዳለች፤ ቀስ ብላ ታሟሙቃለች፤ ከዚያ ከጓደኞቿ ጋር ትሮጣለች። አስም እያለባቸው በኦሊምፒክ የሚወዳደሩ ብዙ ስፖርተኞች አሉ። ቆማ በሁለት ሦስት ደቂቃ የሚመለስላት ከሆነ ደግሞ ምናልባት ልምምድ ማጣት ነው፤ መድኃኒቱም ያው የተሰረዘው ክፍለ ጊዜ ነው።

ሳይዘገይ ሐኪም ማየት ያለበትም አለ፤ ስትሮጥ ራሷን ከሳተች፣ ደረቷን ካመማት፣ ልቧ ያለ ሥርዓት ከመታ፣ ወይም በቤተሰቡ በወጣትነት በድንገት የሞተ ሰው ካለ፣ እስክትመረመር ድረስ አትሩጥ። የራስ ምታቱ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሳት ወይም ጠዋት ከማስታወክ ጋር የሚመጣ ከሆነ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይውሰዷት።

ሐኪሙ ዘንድ ሲቀርቡ «ከስፖርት ነፃ ናት» የሚል ወረቀት አይጠይቁ። ምን ማድረግ እንደምትችል፣ ምን ያህል፣ ከምን ጥንቃቄ ጋር እንደሆነ ዘርዝሮ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ፤ ያንንም ወረቀት ለስፖርት መምህሯ በእጅዎ ይስጡ።